ሥዕልን ጋለሪ ላይ በኮሚሽን አስቀምጦ መሸጥ፦ ከዋጋ ትመና እስከ ክፍያ

ጋለሪ ሥዕል የሚቀበለው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ራሱ ገዝቶ ነው። ገንዘቡን ያን ዕለት ይከፍላል፣ ሥዕሉ የእሱ ይሆናል። ይህ አዲስ አበባ ላይ ብዙ አያጋጥምም። ሁለተኛውና የተለመደው በኮሚሽን ነው፤ ሥዕሉ ይሰቀላል፣ ሲሸጥ ጋለሪው ፐርሰንቱን ቆርጦ ቀሪውን ለሠዓሊው ይሰጣል፣ ካልተሸጠ ይመልሳል። እስኪሸጥ ድረስ የሥዕሉ ባለቤት ሠዓሊው ነው።

ችግሩ ይህን ባለቤትነት ከግድግዳው ላይ ማንም አያነበውም። ገዢው የሚያውቀው ጋለሪውን ብቻ ነው፤ ደረሰኝ የሚቀበለውም ከእሱ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1161 መሠረት ደግሞ በቅን ልቦና ዋጋ ከፍሎ ተንቀሳቃሽ ዕቃ የተረከበ ሰው ባለቤት ይሆናል። ስለዚህ ጋለሪው ካልተስማማችሁበት ዋጋ በታች ቢሸጥ ወይም ሸጦ ገንዘቡን ቢያስቀር ሥዕሉን ከገዢው ቤት ማስመለስ እጅግ ከባድ ነው። የሚጠየቀው ጋለሪው ነው፤ እሱንም መጠየቅ የሚቻለው በእጅዎ ባለው ወረቀት ልክ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያተኩረው ያን ወረቀት ሥዕሉ ከስቱዲዮ ከመውጣቱ በፊት በማዘጋጀት ላይ ነው።

1. ጋለሪውን መምረጥ

ሁለት ዓይነት ቤቶች አሉ። አንዳንዶቹ የብዙ ሠዓሊዎችን ሥራ ጎን ለጎን ይሰቅላሉ፣ መንገደኛና ቱሪስት ገብቶ ይገዛል። ሌሎቹ ጥቂት ሠዓሊዎችን ይዘው በየተራ ኤግዚቢሽን ያዘጋጃሉ፣ ሥራውንም ውጭ አገር ላሉ ሰብሳቢዎች ያቀርባሉ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ቦሌ ላይ የተከፈተው አዲስ ፋይን አርት የዚህኛው ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ቤት ትንንሽና መካከለኛ ሥዕል ቶሎ ይወጣል። ሁለተኛው ሠዓሊውን መርጦ ለረጅም ጊዜ ስለሚይዝ አብዛኛውን ጊዜ ለእሱ ብቻ እንዲሸጡ ይጠይቃል።

ቦታውን ሁለት ጊዜ ይጎብኙ፤ አንዴ በኤግዚቢሽን መክፈቻ፣ አንዴ በአዘቦት ቀን ከሰዓት በኋላ። በመክፈቻው የሚመጣውን ሰው ያያሉ፣ በአዘቦቱ ደግሞ ሥዕሉ የሚውልበትን ሁኔታ። የከሰዓት ፀሐይ በመስኮት ገብቶ ግድግዳው ላይ ያርፋል? የውሃ ቀለምና ወረቀት ላይ የተሠራ ሥራ በእንዲህ ያለ ብርሃን በወራት ውስጥ ይገረጣል። ከጓዳ ያለውን ማስቀመጫ ለማየት ይጠይቁ። ሥዕሎች መሬት ላይ ተደርድረው፣ አንዱ በሌላው ሸራ ላይ ተደግፎ፣ ግድግዳው የክረምት እርጥበት ያወረዛው ከሆነ የእርስዎም ሥራ ዕጣ ይኸው ነው።

ከዚያ እዚያ ሥራ ያላቸውን ሁለት ሦስት ሠዓሊዎች ያነጋግሩ። የሚጠየቀው «ጥሩ ይሸጣሉ ወይ?» አይደለም። «ከተሸጠ በስንት ቀን ተከፈለህ? መሸጡን የነገረህ ማን ነው? የተመለሰልህ ሥዕል እንዴት ሆኖ መጣ?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ የሚሸጥ ግን ገንዘብ የሚያቆይ ቤት፣ ጥቂት ሸጦ በሳምንቱ ከሚከፍል ቤት ይልቅ ይጎዳል፤ ሸራና ቀለም መግዣው የሚታሰረው እዚያ ነውና።

2. ዋጋ ማውጣት

ኮሚሽኑ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 በመቶ ነው። ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጅ፣ ካታሎግ የሚያሳትምና ሥራውን ወደ ውጭ የሚልክ ቤት 50 ሲጠይቅ ምክንያት አለው። ግድግዳ ብቻ የሚሰጥ ቤት 50 ሲጠይቅ ግን ይከራከሩ።

አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው ከስቱዲዮ በ30,000 ብር የሚሸጠውን ሥዕል ጋለሪ ላይ በ50,000 በማስጻፍ ነው። ገዢ ስልክ አለው፣ ሠዓሊውንም በስሙ ፈልጎ ያገኘዋል። ልዩነቱን ያወቀ ዕለት ጋለሪው ደንበኛ ያጣል፣ እርስዎም ጋለሪውን ያጣሉ። ዋጋው የትም ቦታ አንድ ይሁን። ይህን ለማድረግ ከመጀመሪያው ኮሚሽኑን ያካተተ ዋጋ ማውጣትና ከስቱዲዮ ሲሸጡም በዚያው መሸጥ ነው።

ለተመሳሳይ ሥራዎች ወጥ ዋጋ ለማግኘት ቁመትና ወርዱን ደምሮ በአንድ ቁጥር ማባዛት ይበጃል። ቁጥሩ ለምሳሌ 250 ብር ቢሆን፣ 40 በ50 ሳ.ሜ. ሥዕል 90 ጊዜ 250፣ ማለትም 22,500 ብር ይሆናል። 80 በ100 ደግሞ 180 ጊዜ 250፣ 45,000 ብር። በስፋት፣ ማለትም ቁመቱን በወርዱ አባዝተው ቢያሰሉት ትልቁ የትንሹ 4 እጥፍ ይሆንና 90,000 ይደርሳል፤ ትልልቁ ሥራ ሳይሸጥ የሚከርመው አንዱ በዚህ ነው።

የሚሸጠው በብር ስለሆነ የውሉ ዕድሜ ከዋጋው ጋር ይያያዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ያኔ በ45,000 ብር ለአንድ ዓመት የተፈረመ ሥዕል ከ780 ዶላር ገደማ ወደ 450 ወርዷል፤ ከውጭ የሚገባው ቀለምና ሸራ ግን ሠዓሊውን አልጠበቀውም። ስለዚህ «ሠዓሊው በየ3 ወሩ፣ ቀብድ ያልተከፈለበትን ሥዕል ዋጋ በጽሑፍ አሳውቆ ማሻሻል ይችላል» የሚል አንድ መስመር ውሉ ላይ ይግባ።

3. ሥዕሉን ለርክክብ ማዘጋጀት

የዘይት ቀለም ሥራ ላዩ ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ገና ነው። ወፍራም ቀለም ቫርኒሽ ለመቀባት ከ6 እስከ 12 ወር ይጠይቃል፤ ቀድሞ ከተቀባ ይሰነጠቃል ወይም ተጣብቆ አቧራ ይይዛል። ያልደረሰ ሥራ ካስረከቡ የርክክቡ ዝርዝር ላይ «ቫርኒሽ አልተቀባም» ብለው ይጻፉ።

ሸራው ከላላ ከጀርባ በማእዘኖቹ ያሉትን ሽብልቆች በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ መታ መታ ያድርጉ፤ በክረምት የተወጠረ ሸራ በበጋ፣ በበጋ የተወጠረ በክረምት ባሕርዩን ይለውጣል። ለመስቀያ ባለ ቀለበት ማያያዣዎችን ከላይ ወደ ታች በቁመቱ አንድ ሦስተኛ ላይ ግራና ቀኝ ያስሩና የተገመደ ሽቦ ይዘርጉ። ሽቦው ወደ ላይ ሲሳብ ጫፉ ከፍሬሙ ላይኛ ጠርዝ 5 ሳ.ሜ. ያህል ዝቅ ብሎ መቅረት አለበት፤ አለበለዚያ ሚስማሩ ከላይ ይታያል። በምስማርና በሲባጎ የተንጠለጠለ ሥዕል ጋለሪው ውስጥ ቢወድቅ «አሰቃቀሉ የእርስዎ ነበር» የሚል ክርክር ይመጣል። ወረቀት ላይ የተሠራ ሥራ መስታወቱን መንካት የለበትም። በመሃል የካርቶን ክፍተት ያስፈልገዋል፤ እርጥበት ሲይዝ ቀለሙ ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃልና።

ከጀርባው ላይ እነዚህን ይጻፉ፤ ሸራው ላይ ሳይሆን እንጨቱ ላይ ወይም በተለጠፈ ወረቀት፦ ስም፣ ርእስ፣ ዓመት፣ ቁሳቁስ፣ ልኬት፣ መለያ ቁጥር። ልኬት ሲጻፍ ቁመት ይቀድማል። ስምዎን በፊደልም በላቲንም ይጻፉ፤ የላቲኑ አጻጻፍ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት፣ ቢቻል እንደ ፓስፖርቱ ይሁን። ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ያለው ሠዓሊ ለውጭ ሰብሳቢ ሦስት ሰው ነው። ዓመቱን ያለ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» በጭራሽ አይተዉት። በ2016 ዓ.ም. የተሠራን ሥዕል «2016» ብቻ ብለው ቢጽፉ፣ ውጭ የሚያነበው ሰው ከእውነቱ 7 ወይም 8 ዓመት የቆየ አድርጎ ይይዘዋል፤ ኋላ ጨረታ ላይ ሲቀርብ ደግሞ ትክክለኛነቱን ያጠራጥራል።

ከዚያ ፎቶ ያንሱ፦ ሙሉውን ከፊት፣ ጀርባውን፣ 4ቱን ማእዘን በቅርበት፣ ያለውንም ጭረት። ፎቶውን ለጋለሪው በዚያው ቀን በቴሌግራም ይላኩ፤ የተላከበት ቀን በራሱ ማስረጃ ይሆናል።

4. ውሉ

በጽሑፍ እንዲሆን የተፈለገ ውል ተዋዋዮቹ ከፈረሙበት በተጨማሪ 2 ምስክር እንዲፈርምበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1727 ያዛል። ጓደኛና የጋለሪው ሠራተኛ ቢሆኑም ይበቃል፤ ብዙ የጋለሪ ወረቀት ግን ምስክር የለውም። ጋለሪው በንግድ ፈቃዱ ላይ ባለው ስም ይፈርም፣ ማኅተም ያድርግ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩንም ይጻፍ። «የጋለሪው ሥራ አስኪያጅ» ብቻ ብሎ የፈረመ ሰው ሥራ ቢለቅ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ይጠፋል።

በውሉ ውስጥ መኖር ያለባቸውን አንድ በአንድ እንይ።

ባለቤትነት። «ሥዕሎቹ ሙሉ ዋጋቸው ለሠዓሊው እስኪከፈል ድረስ የሠዓሊው ንብረት ናቸው፤ ጋለሪው ለብድር መያዣ ሊያደርጋቸው፣ ለሆቴል፣ ለቢሮ ወይም ለሌላ ጋለሪ ሊያውሳቸው አይችልም፤ በጽሑፍ ከተፈቀደ በቀር» የሚል። ውሰቱ ላይ ጠንከር ይበሉ። ሥዕል ወደ ሆቴል ሎቢ ተወስዶ ዓመት ሲቆይ ማን እንደወሰደው የሚያስታውስ ይጠፋል።

ኮሚሽኑ ከምን ላይ እንደሚቆረጥ። ፐርሰንቱን ብቻ መጻፍ አይበቃም። የተለጠፈው ዋጋ 60,000 ብር፣ ኮሚሽኑ 40 በመቶ ቢሆን ሠዓሊው የሚጠብቀው 36,000 ነው። ጋለሪው የቫት ተመዝጋቢ ከሆነና 60,000ው 15 በመቶ ቫትን ያካተተ ከሆነ ግን ከቫት በፊት ያለው ዋጋ 52,173.91 ብር ነው፤ የሠዓሊው 60 በመቶ 31,304.35 ይሆናል። 4,695.65 ብር በአንድ ቃል ምክንያት ሄደ ማለት ነው። «ከቫት በፊት 60,000» ወይም «ቫትን ጨምሮ» ተብሎ ይለይ።

ፍሬሙም እንዲሁ። ሠዓሊው 4,000 ብር አውጥቶ ካሠራው፣ ያ ወጪ በቅድሚያ ተቀንሶ ለሠዓሊው እንዲመለስና ኮሚሽኑ ከቀሪው 56,000 እንዲቆረጥ ይደራደሩ። ጋለሪው 22,400፣ ሠዓሊው 37,600 ያገኛሉ። ካልተጻፈ ጋለሪው ከፍሬም ወጪዎም ላይ 1,600 ብር ኮሚሽን ይወስዳል።

ቅናሽ። ገዢ ሁሉ ዋጋ ይከራከራል፤ ጋለሪው ያለ እርስዎ ፈቃድ እስከ ስንት መቀነስ እንደሚችል ይወሰን፤ 10 በመቶ የተለመደ ልክ ነው። ቅናሹን የሚሸከመውም ይጻፍ። ከ60,000 ብር 10 በመቶ ሲቀነስ 54,000 ይሆናል። በጋራ ከሆነ ሠዓሊው 32,400 ያገኛል። ጋለሪው ከራሱ ድርሻ ከቀነሰ ሠዓሊው 36,000 ይዞ ይቀጥላል። ሠዓሊው ብቻውን ከተሸከመ ግን 30,000 ነው። ፍትሐዊው በጋራ መሸከም ይመስለናል፤ ከ10 በመቶ በላይ ሲሆን ግን ስልክ ተደውሎ ፈቃድዎ ይጠየቅ።

ክፍያ። «ገዢው በከፈለ በ15 ቀን ውስጥ በባንክ ሂሳብ» ጥሩ ነው፤ 30 ቀንም ይቻላል። «ሲሸጥ ይከፈላል» የሚል አጻጻፍ ቀን የለውም፣ ስለዚህ ጥቅም የለውም። ገዢው በየወሩ የሚከፍል ከሆነ ከእያንዳንዱ ክፍያ ድርሻዎ እንዲሰጥዎና ሥዕሉ ተከፍሎ እስኪያልቅ ከጋለሪው እንዳይወጣ ያድርጉ። ገዢ ቀብድ ሰጥቶ ቢቀር ቀብዱ በምን ድርሻ እንደሚከፋፈልም አብሮ ይወሰን።

ጉዳት። እሳት፣ ውሃ፣ ስርቆት፣ ጭረት። ከርክክብ ፊርማ እስከ መመለሻ ፊርማ ድረስ ኃላፊነቱ የጋለሪው ይሁን፤ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ የሠዓሊው ድርሻ ልክ እንደ ተሸጠ ይከፈል። ጋለሪው ኢንሹራንስ አለኝ ካለ በአደራ የያዛቸውን የሌሎች ሰዎች ንብረት የሚሸፍን መሆኑን ፖሊሲውን አይተው ያረጋግጡ። የራሱን ዕቃ ብቻ የሚሸፍን ኢንሹራንስ ለእርስዎ ሥዕል አይከፍልም።

ብቸኛነት። «ሠዓሊው በሌላ ቦታ አይሸጥም» ከተባለ የት፣ እስከ መቼ፣ የትኞቹን ሥራዎች? «በአዲስ አበባ፣ ለ6 ወር፣ በዝርዝሩ ላይ ያሉትን ብቻ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ማናቸውንም ሥራ» ማለት ግን ከስቱዲዮ ለወንድም ጓደኛ በተሸጠው ላይም ኮሚሽን መክፈል ነው።

የቅጂ መብት። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥዕሉ የቅጂ መብት የሠዓሊው ነው፤ ሥዕሉ መሸጡ ብቻውን መብቱን አያስተላልፍም። ጋለሪው ምስሉን ለማስተዋወቂያ ብቻ እንዲጠቀም ይፍቀዱ። ፖስትካርድ፣ ካሌንደር፣ የቲሸርት ኅትመት ለብቻው ይዋዋሉ።

ዘመኑ 6 ወር ቢሆን ይበቃል። ኅዳር ላይ መጀመር ገናንና ጥምቀትን፣ ከውጭ የሚመጣውንም ወገን ያገኛል። መውጫው ደግሞ በ15 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ይሁን፣ ለሁለቱም ወገን።

5. የርክክብ ዕለት

ሲያጓጉዙ በመጀመሪያ ቀለሙን የሚነካው ለስላሳ፣ አሲድ የሌለው ወረቀት ይሁን። የአየር ጉብጉብ ያለው ፕላስቲክ ከዚያ በላይ ይምጣ፣ ጉብጉቡም ወደ ውጭ ይዙር። በቀጥታ ቀለሙ ላይ ካረፈ፣ በተለይ አክሪሊክ ሙቀት ሲያገኘው፣ ክብ ክብ ምልክት ይተዋል፤ አይለቅም። ማእዘኖቹን በካርቶን ያልብሱ፤ ሥዕሉን በቁም እንጂ አጋድመው አይጫኑ። ሁለት ሥዕል ሲሆን ፊት ለፊት ተያይተው በመሃል ሰፊ ካርቶን። ተፈትቶ መጠቅለል ያለበት ሸራ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ፣ ከ10 እስከ 15 ሳ.ሜ. ስፋት ባለው ቱቦ ላይ ይጠቅለል፤ ቀለሙ ወደ ውስጥ ከሆነ ይጨማደድና ይሰነጠቃል።

ጋለሪው ደርሰው ሥዕሉን አስደግፈው ከመሄድዎ በፊት ዝርዝሩን አብራችሁ ያንብቡ። እያንዳንዱ መስመር እንዲህ ይምሰል፦

ቁ. 03፣ «ርእስ»፣ 2016 ዓ.ም.፣ አክሪሊክ በሸራ ላይ፣ 80 በ100 ሳ.ሜ.፣ ፍሬም አለው፣ ከቫት በፊት 45,000 ብር፣ ዝቅተኛው ዋጋ 40,500 ብር፣ ይዞታ፦ ደህና፤ ከታች ቀኝ ማእዘን ፍሬሙ ላይ 1 ሳ.ሜ. ጭረት።

በ2 ቅጂ ይፈረም፣ አንዱን ይዘው ይውጡ። ኋላ አንድ ሥዕል ሲጨምሩ ወይም ሲቀይሩ አዲስ መስመር ተጽፎ ይፈረም። ብዙ ሥዕል የሚጠፋው በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን በመሃል «ይህችንም ጨምራት» ተብሎ ያለ ወረቀት የገባ ነው።

የትክክለኛነት ምስክር ወረቀቱን፣ ማለትም ሥዕሉ የእርስዎ ሥራ መሆኑን በፊርማዎ የሚያረጋግጡበትን፣ ከሥዕሉ ጋር አያስረክቡ። ሲሸጥና ሲከፈልዎ ይስጡት፤ ከዚያ በፊት በእጅዎ መቆየቱ መሸጡን ለማወቅም ይረዳል።

6. ግድግዳው ላይ ሳለ

በወር አንድ ጊዜ ሳይናገሩ ብቅ ይበሉ። የሥዕሉ መሃል ከወለሉ 145 እስከ 150 ሳ.ሜ. ላይ መዋሉን፣ የዋጋው መለያ ከዝርዝሩ ጋር መግጠሙን፣ መሸጡን የሚያመለክተው ቀይ ነጥብ የተለጠፈበት ካለ የነገሩዎት መሆኑን ይመልከቱ። ከግድግዳው ከጠፋ «የት አለ?» ብለው ያን ዕለት ይጠይቁ፣ መልሱንም በቴሌግራም ያጽፉ።

ገዢ «ቤቴ ወስጄ ግድግዳው ላይ ልየው» ማለቱ የተለመደ ነው፤ ሽያጭም ያመጣል። ግን ቢበዛ ለ7 ቀን፣ በመታወቂያ ኮፒና በተፈረመ ወረቀት ይሁን፤ ቀኑ ካለፈ እንደ ተሸጠ ይቆጠር።

በመሃል ገዢ በቀጥታ ወደ እርስዎ ደውሎ «ጋለሪው አይወቅ፣ ቅናሽ አድርግልኝ» ሊል ይችላል። ጋለሪው ላይ አይቶት ከሆነ ሽያጩ የጋለሪው ነው። እንዲህ ያለ ወሬ በዚህች ከተማ በሳምንት ውስጥ ይሰማል።

7. ሲሸጥ

የሽያጩን ደረሰኝ ኮፒ ይጠይቁ፤ የተሸጠበት ዋጋ በቃል የተነገረዎት መሆኑን የሚያሳየው እሱ ብቻ ነው። ሂሳቡ በአንድ ገጽ ይሰጥዎ፦ የተሸጠበት ዋጋ፣ ቫት፣ ቅናሽ፣ የፍሬም ወጪ፣ ኮሚሽን፣ የተቆረጠ ግብር ካለ፣ የሚደርስዎ። ግብር ከቆረጡ የተቆረጠበትን ደረሰኝ ይያዙ፤ በዓመቱ መጨረሻ ይታሰብልዎታል። የገዢውን ስም ጋለሪው ላለመስጠት ሊያንገራግር ይችላል። ቢያንስ ከተማውንና ሥዕሉ ለኤግዚቢሽን በውሰት ቢፈለግ መልእክት እንደሚያደርስ ያስጽፉ።

ገዢው ሥዕሉን ይዞ ከአገር የሚወጣ ከሆነ ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከቅርስ ባለሥልጣን ማውጣት ያስፈልጋል። ብራና ላይ የተሠራ ወይም በጥንት ቤተ ክርስቲያን አሣሣል የተሣለ ሥራ አሮጌ ስለሚመስል አየር ማረፊያ ላይ ይያዛል። የተሠራበት ዓመትና የሠዓሊው ፊርማ ከጀርባ መኖሩ ነገሩን ያቀለዋል።

ክፍያው ከዘገየ በ16ኛው ቀን ጨዋ የሆነ የጽሑፍ ማስታወሻ ይላኩ፣ በ30ኛው ቀን በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ያልተሸጡትን ሥዕሎች ያውጡ። ገንዘብ በሚጠይቁበት ቤት ተጨማሪ ሥዕል አይተዉ። ሽማግሌ ማስገባት ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ሽማግሌውም ቢሆን የሚጠይቀው ወረቀቱን ነው።

አሜሪካ ላሉ

ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያል። በኒውዮርክ ሠዓሊ በኮሚሽን የሰጠው ሥራና የተሸጠበት ገንዘብ በጋለሪው እጅ ያለ የአደራ ንብረት ተደርጎ በሕግ ይቆጠራል፤ የጋለሪው አበዳሪዎች ሊወስዱት አይችሉም። እንዲህ ያለ ሕግ የሌለበት ግዛት ውስጥ ከሆኑ ጋለሪው ቢከስር ሥዕልዎ ከዕቃው ጋር ሊቆጠር ስለሚችል ከመፈረምዎ በፊት የግዛቱን ሕግ ያስጠይቁ።

8. ሳይሸጥ ሲመለስ

ዘመኑ ከማለቁ 2 ሳምንት በፊት ቀን ይቁረጡ፤ ማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍልም ውሉ ላይ የተጻፈውን ያስታውሱ። ሥዕሉን እዚያው ጋለሪው ውስጥ፣ ከቀን ብርሃን ፊት፣ በርክክቡ ዕለት ከተነሡት ፎቶዎች ጋር ያስተያዩ። ሸራው ከጀርባ ተጎድቶ ወደ ፊት ያበጠ ነጥብ፣ በማእዘን የተነቀለ ቀለም፣ በፍሬሙ ሥር የሻጋታ ሽታ ካለ የመመለሻው ወረቀት ላይ ይጻፍ። «ደህና ነው» ብለው ከፈረሙና ቤት ገብተው ካዩት ጊዜው አልፏል። የጋለሪውን መለያ ከጀርባው አይላጡት፤ ዋጋውን ብቻ ይሰርዙ። ሥዕሉ መቼና የት እንደታየ የሚመሰክረው እሱ ነው፤ ቀጣዩ ጋለሪም መጀመሪያ ገልብጦ የሚያየው ጀርባውን ነው።